በሮቹን ስንቆጥር፦ ከጎንደር እስከ ምጽዋ ያቀድነው ጉዞ

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጥር 2011፣ ጎንደር – ምጽዋ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ዝርዝር አለ፦ ድንኳን 3፣ ጄሪካን 8፣ ስኮርታ 4፣ ክሪክ 2፣ አካፋ፣ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ታኮ። «ታኮ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ያሰመረበት አጎቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ ዓመት ገና፣ ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የሁመራና የኦምሐጀር መሻገሪያ ተከፈተ። ሃያ ዓመት የተዘጋ ድንበር ነበር። ስድስት ጓደኛሞች ቡናችንን ይዘን የምናወራው ስለዚሁ ነበር። «እኛስ ለምን ሄደን ምጽዋ ባሕሩ ዳር ድንኳን አንተክልም?» አለ አንዱ። ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ቆመና ወረቀትና እስክሪብቶ ተፈለገ።

የፈለግነው ዝም ብሎ መድረስ አልነበረም። አሮጌውን መንገድ ተከትለን መሄድ ነው የፈለግነው፦ በወገራ አድርጎ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማና አዲ አርቃይ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ፣ ከዚያ አስመራ፣ ከዚያ ባሕር። ጎንደር ለዘመናት የኖረችው በዚህ መንገድ ነው። በእኛ ዕድሜ ግን ጫፉ የተቆረጠ መንገድ ነበር። ሽሬ ድረስ ይኬዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። በመረብ በኩል ማለፋችን ስላልተረጋገጠ ከሽሬ ወደ ምዕራብ ታጥፈን በሁመራ ለመሻገር ወሰንን። ሁለት ላንድክሩዘር፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሌሊቱን በድንኳን። አሮጌው መንገድ ከአስፋልቱ በተለየበት ቦታ ሁሉ ከአስፋልቱ መውጣት። የምንነሣው ከፋሲካ ማግሥት፣ ክረምቱ ሳይገባ።

አንዷ ጓደኛችን ግን ከሁላችንም የተለየ ጉዳይ ነበራት። እናቷ አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ ጎንደር ያገቡ ናቸው። ታላቅ እህታቸውን ጦርነቱ ከፈነዳበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አላዩም። ዕቅዳችንን በሰሙ በሳምንቱ ጠሩንና አንድ ዘንቢል አሳዩን፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ አንድ ነጠላ። «ልጆቼ፣ ለባሕሩ አይደለም የምልካችሁ» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቅዱ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ደባርቅ ወደሚኖረው አጎቴ የሄድኩት ለምክር ነው። ጋሼ በወጣትነቱ በኤንትሬ ከጎንደር ምጽዋ ጭነት ያመላልስ ነበር። ደብተሩን መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ታኮ» ላይ አሰመረ። ሊማሊሞን ስትወርድ ፍሬን ይግላል፤ መኪና ከቆመ ረዳቱ ከማንም በፊት ዘሎ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ አለበት። «በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን አትመኑ» አለኝ። ከዚያ ደብተሩን መለሰልኝና «ሌላው ሁሉ ደኅና ነው፤ በሩን ግን አልጻፍከውም» አለ።

«የምን በር?» አልኩት።

«ገደል አይደለም እኮ መንገደኛ የሚያስቀረው። ገደሉ ያለበት አይለቅም፤ ታውቀዋለህ። በሩን ነው መጠየቅ። ማን ነው የሚከፍትላችሁ? እስከ መቼ?»

በአገራችን አነጋገር በተራራ መካከል ያለ ማለፊያ «በር» ይባላል፦ ወልቀፊት በር፣ ቁልቋል በር። በርነቱን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከደባርቅ ስመለስ የዚህን መንገድ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትም ሁሉ የበር ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ ግን ስለ ድንኳኑ አንድ ነገር። ካምፒንግ የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። ሆኖም «ከተማ» የምንለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ሰፈር፣ የድንኳን ከተማ ማለት ነበር። ነገሥታቱ አገር የሚገዙት ከቦታ ቦታ እየሰፈሩ ነው፤ እንጨቱና ሳሩ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ላይ ሲረጉ ያ የሚጓዝ ከተማ በድንጋይ ቆመ። ቦታው ደግሞ ወደ ምጽዋ የሚወርደውና ወደ ስናር የሚሄደው የንግድ መንገድ የሚገናኙበት ነው። የሲራራ ነጋዴው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ጭኖ በወልቀፊት ይወርዳል፤ ከባሕሩ ጨርቅና ቅመም ይዞ በዚያው ይመለሳል። በየማለፊያው ኬላ አለ፤ ቀረጥ ሳይከፈል አይታለፍም።

የመጀመሪያውን ትልቅ በር የዘጉትም ፋሲል ናቸው። በካቶሊኮቹ ሚሲዮናውያን ምክንያት አገሩ በደም ከታመሰ በኋላ አባረሯቸው፤ ተመልሰው እንዳይገቡም ከምጽዋና ከሱዋኪን የቱርክ ገዥዎች ጋር ተስማሙ። ባሕሩ የቱርክ ነው፤ መንገዱ የንጉሡ ነው፤ በሩን የሚጠብቁት ሁለቱም ናቸው። በዚህ መካከል ያለ ችግር ወጥቶ የሚገባው ሙስሊሙ ነጋዴ ነበር፤ በባሕሩ ዳር ወገን ነበረውና። በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ከዚያ ታሪክ የመጣ ነው። ከተማዋን ከባሕር የሚያገናኘው ሰው በከተማዋ ውስጥ በሌላ በር እንዲገባና እንዲወጣ ተደረገ ማለት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምጽዋ የደረሰው በመስከረም 1762 ዓ.ም. ነው። ጎንደር የገባው በየካቲት። አምስት ወር! ደብተሬ ላይ ይህንን ጉዞ በቀን በቀን ከፋፍዬ ጻፍኩት። ትልቁን የኮከብ መለኪያ መሣሪያውን በታራንታ ዳገት በሰው ትከሻ አስወጥቷል፤ ተከዜን ተሻግሯል፤ ላማልሞን፣ የዛሬውን ሊማሊሞ፣ በእግሩ ወጥቷል። ይህ ሁሉ፣ አድዋ የቆየበት ጨምሮ፣ የፈጀው ሦስት ወር ነው። የቀረው ሁለት ወር ያለቀው እዚያው ባሕሩ ዳር፣ የአርቂቆው ናይብ እስኪለቀው በመጠበቅ ነው። የአጎቴን ነገር ያመንኩት እዚህ ላይ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣውን ውል ደግሞ እዩት። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አድዋ ላይ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሂዌት ጋር ተፈራረሙ፤ የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በነፃ እንዲያልፍ። በሩ በወረቀት ተከፈተ። በዓመቱ፣ በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን ምጽዋን ያዘ፤ እንግሊዝም አልከለከለም። ወረቀቱ የንጉሡ እጅ ላይ ቀረ።

ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መንገዱ ላይ የተገላቢጦሽ ሆነ። ራስ እምሩ ከጎጃም፣ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ከጎንደር፣ ጦራቸውን ይዘው በዚሁ አቅጣጫ ወርደው ተከዜን በሌሊት ተሻገሩ። ደንበጓይና ላይ ታንክ ይዞ የመጣውን የጣሊያን ጦር መቱት። እኛ ሁለተኛ ሌሊታችንን ልናድር ያሰብነው ተከዜ ዳር ነበር። ካርታው ላይ ክብ አድርጌ «ውኃ አለ፤ ሙቀት፤ የትንኝ አጎበር» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ነው ይህን ያነበብኩት። ከጎኑ «እነ እምሩ» ብዬ ጨመርኩ።

ጎንደር ግን አልዳነችም። በአራት ወር ውስጥ ስታራቼ የሚመራው በመኪና የተጫነ ጦር ከኦምሐጀር ተነሥቶ በቆላው በኩል መጥቶ፣ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ያዘ። እኛ በዳንሻና በሳንጃ አድርገን ልንመለስበት ያቀድነው አቅጣጫ ነው።

ከዚያ ጣሊያን የወልቀፊትን ገደል ቆርጦ መኪና አወጣበት። ዛሬ ሊማሊሞ ላይ ቆሞ ወደታች የሚያይ ሰው፣ መንገዱ እንደ ጅራፍ ተጥሎ ገደሉን ሲዞር ሲያይ፣ «ጣሊያን ሠራው» ይላል። ድንጋዩን የፈለጡት ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ድሆች የቀን ሠራተኞችና የአገሬው ሰዎች ናቸው። ስማቸው የትም የለም። እኛ ጋ የቀሩት ቃላቱ ናቸው። ዝርዝራችንን ደግሜ ሳየው ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ ጎማው፣ ማርሹ፣ ባሌስትራው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ የተቀመጥንበት ፒያሳም ጭምር። ድንኳኑና ገመዱ ብቻ የእኛ።

መንገዱን የሠራው ጣሊያን መጨረሻ ላይ በዚያው በር ተቀረቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጄኔራል ናዚ እጅ ነበረች። ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦር ከአስመራ የሚመጣውን መንገድ ዘግቶ፣ አርበኞችና እንግሊዞች ከበውት፣ ክረምቱን ከረመ። እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. መስቀል ሰሞን ነው፤ ከ3,000 በላይ ሰው። ኅዳር 12 ቁልቋል በር ወደቀ፤ ኅዳር 18 ጎንደር። በአገሪቱ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ የበር ውጊያ ነበር።

ጋሼ የሚተርከው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከደባርቅ ጋቢ ተከናንበህ ትነሣለህ፤ ዛሪማ ስትደርስ በካናቴራ ነህ። ምጽዋ ላይ ሌሊት በሙቀቱ ምክንያት መኪናው ጣሪያ ላይ ይተኛል። «ባሕሩን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቀምሼው ተፋሁት፤ ረዳቴ እስኪወድቅ ሳቀብኝ» ይላል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን መንገዱ እየጠበበ መጣ። መኪና በወታደር አጀብ፣ በኮንቮይ ብቻ የሚሄድበት ጊዜ ሆነ፤ ቀጥሎ እሱም ቀረ። ጋሼ ኤንትሬውን ሸጦ ደባርቅ እህል መነገድ ጀመረ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ሃያ ዓመት ዝምታ።

እንግዲህ ደብተሩ ውስጥ አዲስ ገጽ አወጣሁ፤ «በሮች» ብዬ። በየቦታው ማንን መጠየቅ እንዳለብን፣ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ፣ ማን ስልክ እንደሚያነሣ። ገጹ ከዕቃው ዝርዝር ይልቅ ረዘመ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰን «ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ዝም ብላችሁ ሂዱ» ተባልን። ደስ አለን። ጋሼን በስልክ ብነግረው ግን አልተደሰተም። «ደብዳቤ የማይጠየቅበት በር ሲዘጋም ደብዳቤ አይጽፍልህም» አለኝ።

ድንኳኖቹ መጡ። ጄሪካኖቹ ታጠቡ። አንደኛው መኪና ባሌስትራው ተቀየረ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ለሙከራ ኮሶዬ አንድ ሌሊት አደርን፤ ብርድ ገደለን፤ ድንኳን አተካከል እንደማናውቅም ታወቀ። በሚያዝያ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ኦምሐጀር መዘጋቱን ሰማን። ማብራሪያ አልነበረም። በገና የተከፈተ በር ፋሲካን ሳያይ ተዘጋ።

«በሚቀጥለው ዓመት» አልን። በሚቀጥለው ዓመት ኮሮና መጣ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ተከዜ ላይ ያለው ድልድይ ፈረሰ፤ እኔ ካርታው ላይ ክብ ያደረግኩበት አካባቢ። ሽሬ ላይ ቤቱን ሊያሳድረን ቃል የገባልን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን ነበር። ሁለት ዓመት ድምፁን አልሰማንም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በደወለ ጊዜ ሁለታችንም ስለ ጤንነት ብቻ ተጠያየቅን፤ እዚያው ደጋግመን። ከዚያ ወዲህ በእኛም አገር ተኩስ አለ፤ ከጎንደር ደባርቅ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ፣ ዛሬ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳይጠይቅ የሚነሣ ሰው የለም።

አንዳንዴ ያ ዕቅድ የልጅነት ነገር ሆኖ ይታየኛል። አገር እንዲህ ሊሆን ነው እኛ ስለ ትንኝ አጎበር ስንጨነቅ የከረምነው። ግን አላፍርበትም። ነጋዴውም፣ ብሩስም፣ ጋሼም በሩ ተከፍቶ አይደለም የተነሡት፤ ጭነታቸውን አሰናድተው በሩ ሥር ጠበቁ እንጂ። ዕቃው ካልተዘጋጀ በሩ ቢከፈትም የሚያልፍ የለም። ያ መሻገሪያ ለጥቂት ወራት ሲከፈት ቀድመው የተሻገሩት ማሰብ ያላስፈለጋቸው፣ የሚጠብቃቸው ዘመድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። እኛ አራት ወር ስናቅድ አለፈን። የጓደኛችን እናት በመጀመሪያው ሳምንት በአውቶቡስ ሄደው ቢሆን ኖሮ እህታቸውን አቅፈው ይመለሱ ነበር። ይህን አንድም ቀን አንሥተውብን አያውቁም።

ባለፈው ገና ቤታቸው ሄጄ ነበር። ዘንቢሉ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። በርበሬውንና ሽሮውን እንዳይበላሽ በየዓመቱ ያወጡና ትኩስ ይተካሉ፤ ነጠላው ያው ነው። «ደብተሩ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለ፤ አንቱ ጋ ላምጣው?»

«የለም፣ አንተው ያዘው። የእህቴን አዲሱን ስልክ ብቻ ጻፍልኝ» አሉኝና ቁጥሩን በቃላቸው ነገሩኝ። «በሮች» በሚለው ገጽ፣ ከታች የቀረች አንዲት መስመር ላይ ጻፍኩት።