ባለማስታወሻ ዋቢ ዝርዝር

የመመረቂያ ጥናት የሚጽፍ ተማሪ «ዋቢ ጽሑፎች» የምትለዋን ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰናዳት ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ማስረከቢያው ሲደርስ ነው። ደራሲ፣ ዓመት፣ ርእስ፣ አሳታሚ ይደረደርና ይዘጋል። አንዳንድ አማካሪዎች ግን ገና ከጅምሩ «መጀመሪያ አኖቴትድ ቢብሊዮግራፊ አሳየኝ» ይላሉ። ይህኛው በእያንዳንዱ ምንጭ ሥር አንድ አንቀጽ ማስታወሻ ይጨምራል። በአማርኛ «ባለማስታወሻ ዋቢ ዝርዝር» ብንለው ይበቃዋል። «ባለሐተታ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ሐተታ ሲባል ግን ረጅም ትንታኔ ይጠበቃል።

ስለ መካከለኛው ዘመን ገዳማት የሚያጠና ሰው የታደሰ ታምራትን «ቸርች ኤንድ ስቴት ኢን ኢትዮጵያ» ያዘ እንበል፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ የታተመውን። ከመጽሐፉ መረጃ ሥር እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ከ1270 እስከ 1527 የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ግንኙነት ይተርካል። ከዜና መዋዕል ሌላ የቅዱሳን ገድላትን በታሪክ ምንጭነት በሰፊው ይጠቀማል። ስለ ገዳማት መስፋፋት ለምጽፈው ምዕራፍ ዋና መነሻዬ ነው። የግራኝ አሕመድን ጦርነት ዘመን ስለማይሸፍን ለዚያ ሌላ ምንጭ እፈልጋለሁ።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መጽሐፉን ያገላበጠ ሁሉ ሊጽፋቸው ይችላል። ሦስተኛውና አራተኛው ግን የራሱን ጥያቄ ከሚያውቅ ሰው ብቻ የሚወጡ ናቸው፤ አማካሪውም የሚፈልገው እነሱን ነው። የጽሑፉን አጠቃሎ እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ አጠቃሎውን የጻፈው ደራሲው ነው፣ የእናንተን ርእስ አያውቅም። ማስታወሻዎቹ በደንብ ከተጻፉ ክለሳ ድርሳናቱ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

ከማስታወሻው በላይ የሚሰፍረውን የመጽሐፉን መረጃ ስንጽፍ ደግሞ በእኛ አገር ሥራ ላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። የውጭ አገር የአጻጻፍ ደንብ የቤተሰብ ስም አስቀድሙ ይላል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም እንጂ። ታደሰን «ታምራት፣ ታ.» ብሎ መጻፍ አባትየውን የመጽሐፉ ደራሲ ማድረግ ነው። በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው ስሙን ከነአባቱ በሙሉ ጽፎ በራሱ ስም ፊደል ተራ ማስገባት ነው። እንደ ዞተሮ ያሉ የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌሮች ስምን ለሁለት ከፍለው ስለሚቀበሉ ይገለብጡታል፤ ዞተሮ ላይ የስሙን ቦታ ወደ አንድ ሳጥን መቀየር ይቻላል።

ዓመትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» የታተመው በ1987 ዓ.ም. ነው። «ዓ.ም.» የምትለዋ ተረስታ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት መካከል ከገባ፣ መጽሐፉ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል።