ከጃቫ እስከ ለቀምት፦ የቡናና የሶፍትዌር ስሞች ክርክር

ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎና ከዙሪያቸው ወረዳዎች የሚሰበሰበው ያልታጠበ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም ይሸጣል። ለቀምት የነቀምቴ የቀድሞ የአማርኛ አጠራር ነው። ከተማዋ በገዢዎቿ በሞረዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ዘመን የሌቃ ነቀምቴ ግዛት መናገሻና የንግድ መገናኛ ነበረች። የምዕራቡ የወለጋ ቡና ደግሞ ሌላም መውጫ ነበረው። ኢትዮጵያና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተዋዋሉ በኋላ ባሮ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ ከደምቢ ዶሎ በኩል የሚወርደው ቡናም ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይጫን ጀመር። ቡናው ከአገር ሲወጣ ስሙም አብሮት ወጣ። የስሙ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን የተነሳው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የንግድ ምልክት ሕግ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመነሻ ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል የሁሉም ነጋዴ መገልገያ ስለሆነ አንድ ሰው ለብቻው ሊይዘው አይችልም። የኢትዮጵያው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ለአንዱ ዕቃ ተራ የሆነ ቃል ለሌላው ልዩ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፖም ሻጭ «ፖም» የሚለውን ቃል የራሱ ሊያደርገው አይችልም፤ አፕል የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ ግን ያንኑ ቃል አስመዝግቦ ይሠራበታል።

በሶፍትዌሩ ዓለም የዚህ ጉልህ ምሳሌ የሆነው ስም የተገኘው ከቡና ነው። ጃቫ ደች ነጋዴዎች ቡና ያስተከሉባት የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፤ አሜሪካውያንም ቡናን ራሱን ጃቫ እስከማለት ደርሰዋል። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ አዲሱን የፕሮግራም ቋንቋውን መጀመሪያ «ኦክ» ብሎት ነበር። ስሙ የሌላ ድርጅት ምልክት ሆኖ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ1995 ቋንቋውን ጃቫ ብሎ አወጣው፤ መለያውም ትኩስ ቡና የያዘ ስኒ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰን ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ማይክሮሶፍት ቋንቋውን ለራሱ በሚመች መንገድ እየለወጠ የጃቫን ምልክት ይጠቀማል የሚል ነበር ክሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ማይክሮሶፍት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ።

ያው ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። ሊንዶውስ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ስሙን «ዊንዶውስ» ከሚለው ምልክቴ ጋር አመሳስሏል ሲል ክስ መሠረተ። የሲያትሉ ዳኛ ግን ኩባንያው በስሙ እንዳይጠቀም የቀረበውን የእግድ ጥያቄ አልተቀበሉም። ዊንዶውስ፣ ማለትም መስኮት፣ ምርቱ ከመውጣቱ በፊትም በኮምፒዩተር ሙያ የተለመደ ቃል መሆን አለመሆኑ በቁም ነገር ሊመረመር ይገባል አሉ። ማይክሮሶፍት የመጨረሻውን ፍርድ አልጠበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ለተከሳሹ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ስሙን አስለወጠ።

ኢትዮጵያ የገጠማት ክርክር ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል። የቡና መነሻ ቦታ ስም ለቡናው ለራሱ ምልክት እንዲሆን ነበርና ጥያቄዋ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 በጌታቸው መንግስቴ ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡ አመለከተ። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ «ሽርኪና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም ለማስመዝገብ ቀደም ብሎ ማመልከቻ አስገብቶ ስለነበር የሲዳሞ ጉዳይ ገና ከመነሻው ተሰናከለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም ተቃውሞውን አቀረበ። ይርጋጨፌ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘገብ ሐረርና ሲዳሞ ግን የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ተብለው ውድቅ ተደረጉ።

ይህ ምክንያት ሚዛን አይደፋም። ሐረር ለአሜሪካዊው ቸርቻሪ የተለመደ ቃል የሆነው የሐረርጌ ገበሬ ለብዙ ዘመን ያንን ጣዕም ያለው ቡና ስላቀረበ ነው። ስሙን ያስከበረው ሰው፣ ስሙ ስለታወቀ ብቻ መብቱን ሊያጣ አይገባም። ኢትዮጵያም የተከራከረችው ገዢው እነዚህን ስሞች ሲሰማ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ቡና መሆኑን ያውቃል በማለት ነው። ስታርባክስ በበኩሉ ኢትዮጵያ በንግድ ምልክት ፋንታ የመነሻ ቦታ ማረጋገጫ ምልክት እንድትጠቀም ይመክር ነበር። ማረጋገጫው ግን እያንዳንዱን ጆንያ ከማሳ እስከ ወደብ መከታተልን ይጠይቃል፤ ቡናው እጅግ ብዙ በሆኑ አነስተኛ ማሳዎች በሚለማበት አገር ይህ ወጪው የሚቻል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም በስታርባክስ ላይ ዘመቻ ከፈተ፤ ሲዳሞ የሚል ስም የያዘ ቡና በአሜሪካ አንዱ ፓውንድ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ የነበረ መሆኑም መነጋገሪያ ሆነ። በኅዳር የስታርባክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተወያዩ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 በኢትዮጵያና በስታርባክስ መካከል በስሞቹ የመጠቀም ፈቃድ ስምምነት ተፈረመ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲዳሞና ሐረርም ተመዘገቡ። ኢትዮጵያ ለፈቃዱ ክፍያ አልጠየቀችም። የፈለገችው ኩባንያው ስሞቹ የእሷ መሆናቸውን እንዲቀበልና እንዲያስተዋውቃቸው ነበር።

ለቀምት ከእነዚያ ሦስት ስሞች አንዱ አልነበረም። ሦስቱ በውጭ ገበያ ቀድመው ከፍ ያለ ዋጋ ያወጡ ነበሩ፤ የወለጋ ቡና ደግሞ በብዛት የሚላከው በደረጃ 4 እና 5 ነው። ገበሬው የለቀመው ቀይ እሸት በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ በመፈልፈያ ተፈልፍሎ፣ ተበጥሮና ተለቅሞ በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል። በጆንያው ላይ የሚታተመው ስም ግን አንድ ወጥ አይደለም። በላቲን ፊደል አንዱ ላኪ በ«ኤል» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤን»፤ መሃሉ ላይ «ፒ» የሚጨምርም አለ። ሐረርም በአንድ «አር» እና በሁለት «አር» ይጻፍ ስለነበር ኢትዮጵያ ሁለቱንም አስመዝግባለች።

ለቀምትን እንደ ሦስቱ ለማስመዝገብ ሌላም ችግር አለ። ቡናው የሚበቅለው በአብዛኛው ከነቀምቴ ከተማ ውጭ፣ በጊምቢ በኩልና በቄለም ነው፤ ስሙን የሰጠችው ግን የገበያ ከተማዋ ናት። የቀድሞው የወለጋ ክፍለ ሀገር ራሱ ዛሬ በአብዛኛው ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ቄለምና ሆሮ ጉዱሩ በሚባሉ ዞኖች ተከፍሏል። ሲዳሞም በተመዘገበበት ጊዜ የቀድሞው ክፍለ ሀገር ፈርሶ ስለነበር ይህ ብቻውን ምዝገባን የሚከለክል አይደለም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 የቡና ግብይት ሲጀምር የሦስቱን የወለጋ ዞኖች፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የቄለምን፣ ቡና ለቀምት በሚለው ስም ሥር አደራጀ። ይህም ለስሙ ወሰን ሰጠው፤ በዚያው መጠን ግን የጊምቢን ቡና በቄለም ካለው ከአንፊሎ ቡና ለይቶ ለመግዛት ለሚፈልግ ሰው መንገዱን አጠበበ። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ቡናን ምንጩን ጠብቆ መሸጥ ቀሏል፤ ጊምቢና አንፊሎ የሚሉ ስሞችም ከለቀምት ጎን በጆንያውና በተቆላው ቡና ማሸጊያ ላይ መታየት ይችላሉ።