ፉርጎ፦ ባቡር ያልደረሰበት ደጋ የወረሰው ቃል

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሐዲድ ተነጥፎ አያውቅም፤ ፉርጎ የሚለው ቃል ግን የዚያም አገር አማርኛ ነው። ምንጩ የፈረንሳይኛው ፉርጎን ነው። ፉርጎን በአገሩ የባቡር ተሳቢ ሁሉ ስም አይደለም፤ ከመንገደኛ ባቡር ጋር የሚቀጠለው የጓዝ ክፍል ነው። ከባቡር በፊትም ፈረስ የሚጎትተው ክዳን ያለው የጓዝ ጋሪ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አማርኛ የጓዙን ክፍል ስም ወስዶ ለተሳቢው ሁሉ ሰጠው። ጣሊያንኛም ፉርጎኔ ይላልና ከዚያ ይሆናል የሚል ይኖራል። ሆኖም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ለገሀር የሚለውን ስምም የሰጠን እሱ ነው። በአፍንጫ የሚዋጠው የፉርጎን የመጨረሻ ድምፅ ለአማርኛ ጆሮ «ጎ» ላይ ይቆማል።

ስሙ እንዲህ የሰፋው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ደገኛው ጉዞን የሚያውቀው በጭነት ነው፤ ስልቻው በበቅሎዋ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ በጠፍር ካልተጠፈረ ወደ አባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይዞራል፣ እንስሳዋንም ይጥላል። በቅሎ የፉርጎ እናት አይደለችም፣ መንኮራኩሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ቢባል እውነት ነው። እኔ የምለው ስለ ብረቱ ሳይሆን ስለ ሥራው ነው፦ ጓዝ ከባለቤቱ ጋር እኩል መጓዙ። ባቡሩ ግን ዛሬም ወደዚህ ደጋ አልደረሰም፤ የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሀራ ገበያ ሐዲድም በወሎ ምሥራቅ ያልፋል እንጂ መካነ ሰላም ያለችበትን ቦረናን አይነካም፤ የመካነ ሰላም ጭነት አሁንም ወደ ደሴ የሚወጣው በመኪና መንገድ ነው።