በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይፋ የሆኑት ሁለት ስልኮች

ጊዜው የ2006 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ጳጉሜን 5። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ እኛ አገር ችቦ ሲበራ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ገና ጠዋት ነበር። አፕል የተባለው ኩባንያ ኩፐርቲኖ ከተማ ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ አዳዲስ ስልኮቹን ማሳየት የጀመረው ያኔ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀኑ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2013 ነበር። ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እስከዚያ ዕለት ድረስ አፕል በዓመት አንድ አዲስ አይፎን ብቻ ነበር የሚያወጣው። ያን ቀን ግን ሁለት አወጣ። እነዚህን ሁለት ስልኮች ልብ በሉልኝ፤ ታሪካችን ያለው በእነሱ ልዩነት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው አይፎን 5ሲ ይባላል። አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ በነጭ፣ በሮዝ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ የቀረበ ደማቅ ስልክ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ግን ኤ6፣ ማለትም ከዓመት በፊት የወጣው የአይፎን 5 ፕሮሰሰር ነበር። ሁለተኛው አይፎን 5ኤስ ነው። ይሄኛው በመልክ ከአይፎን 5 ጋር መንታ ይመስላል፤ ስክሪኑም ያው 4 ኢንች ነው። ከውጭ የሚታየው አዲስ ነገር ወርቃማ ቀለምና የጣት አሻራ የሚያነብ ቁልፍ ነበር። ውስጡ ግን ኤ7 አለ፤ በስማርት ስልክ ላይ የመጀመሪያው 64 ቢት ፕሮሰሰር።

በአጭሩ፣ አንዱ አዲስ ልብስ የለበሰ አሮጌ አንጎል፣ ሌላው አሮጌ ልብስ የለበሰ አዲስ አንጎል ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የተናገረው ስለ ልብሱ ነው። «ያው የአምናው ስልክ ነው» ተባለ። ሳምሰንግ ከጥቂት ቀናት በፊት ባለ 5.7 ኢንች ጋላክሲ ኖት 3ን አሳይቶ ስለነበር ባለ 4 ኢንቹ ስክሪን ትንሽ ሆኖ ታየ። ወርቃማው ቀለምም ተቀለደበት። 5ሲ ደግሞ በፕላስቲክነቱ ርካሽ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ያለ ኮንትራት 549 ዶላር ሆነና ብዙዎችን አናደደ። በማግስቱ የአፕል አክሲዮን ዋጋ ከ5 በመቶ በላይ ወረደ።

ፕሮሰሰሩስ? እሱም ሳቅ አልቀረለትም። ለብዙ አንድሮይድ ስልኮች ፕሮሰሰር የሚያቀርበው የኳልኮም የግብይት ኃላፊ፣ 64 ቢት የሚባለው የማስታወቂያ ብልጠት ነው፣ ገዢው ከሱ የሚያገኘው ጥቅም የለም ብለው በአደባባይ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው ተሳስተዋል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን በከፊል ልክ ነበሩ። ለምን?

አንድ ቀበሌ ለየቤቱ ቁጥር ይሰጣል እንበል። የቁጥሩ ቦታ አራት አሃዝ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 ቤቶችን መለየት ይችላል። አሥር ሺህ አንደኛው ቤት ቢሠራ ቁጥር አይደርሰውም። ፕሮሰሰርም ሜሞሪው ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ባይት እንዲህ ያለ አድራሻ ያስፈልገዋል። አድራሻው 32 ቦታ ካለውና በየቦታው 0 ወይም 1 ብቻ ከተጻፈ 4,294,967,296 አድራሻ ይወጣዋል፤ ወደ 4 ጊጋባይት መሆኑ ነው። 64 ቢት ይህን ጣሪያ ያነሳዋል። ታዲያ 5ኤስ የነበረው ራም ስንት ነው? 1 ጊጋባይት! ቀበሌው ገና 2,500 ቤት ብቻ እያለው የቁጥሩን ቦታ ማስረዘም ምን ይሠራለታል? ተቺዎቹ የያዙት ይህን ነጥብ ነው።

የረሱት ነገር ግን ነበር። ኤ7 የተሠራው አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2011 ይፋ ባደረገው አዲስ የትእዛዝ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት አድራሻ ከማስረዘም አልፎ ፕሮሰሰሩን ከሥሩ አደራጅቶታል። ለምሳሌ ሬጂስተር የሚባሉትን እንይ። ሬጂስተር ማለት ወጥ የምትሠራ እናት አጠገቧ የምታስቀምጠው ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ እንደማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገር ጓዳ መመላለስ አይኖርባትም። ባለ 32 ቢቱ ሥርዓት እንዲህ ያለ 16 ቦታ ነበረው። አዲሱ 31 አለው፣ እያንዳንዱም በእጥፍ የሰፋ ነው። መረጃን ለማመስጠር የሚያገለግሉ ልዩ ትእዛዞችም ተጨምረዋል። ይህ ጥቅም 1 ጊጋባይት ራም ላለው ስልክም ይደርሳል።

ኳልኮም ብዙም ሳይቆይ የኃላፊው አስተያየት ትክክል አልነበረም አለ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይም ስናፕድራገን 410 የተባለ የራሱን 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፋ አደረገ።

ገዢውስ ምን አደረገ? ሁለቱ ስልኮች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በድምሩ 9 ሚሊዮን ተሸጡ። የተቀለደበት ወርቃማው 5ኤስ ከየሱቁ ጠፋ። በ2014 መጀመሪያ ላይ የአፕል ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ፣ ገዢዎች ከጠበቅነው በላይ ወደ 5ኤስ አደሉ ብለዋል። ግን አትሳሳቱ፤ ሰው ሬጂስተር ቆጥሮ አልገዛም። የሳበው የጣት አሻራው ነው፣ ወርቁ ነው። 64 ቢቱ አብሮ የመጣ ምርቃት ነበር።

የዚያ ምርቃት ዋጋ የታወቀው በሴፕቴምበር 2017 ነው። አፕል አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ የ32 ቢት መተግበሪያዎችን ድጋፍ አቆመ። አይፎን 5 እና ባለ ደማቅ ቀለሙ 5ሲ በአይኦኤስ 10 ቀሩ። አዳዲስ መተግበሪያዎች አንድ በአንድ እምቢ እያሏቸው ሄዱ። በዚያው ቀን ይፋ የሆነው 5ኤስ ግን 11ን ተቀበለ፣ ቀጥሎም 12ን። የደኅንነት አፕዴት እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ ደርሶታል፤ ስልኩ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። በአንድሮይድ በኩልም ጎግል በ2022 ያወጣው ፒክስል 7 የ64 ቢት መተግበሪያዎችን ብቻ የሚቀበል ሆኗል።

ይህ ነገር በየዓመቱ አዲስ ስልክ ለሚገዛ ሰው ምንም አይደለም። ያገለገለ ስልክ ገዝቶ አራት አምስት ዓመት ሊይዝ ላሰበ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። በ2016 ሱቅ ገብታችሁ ቢሆን ኖሮ ቢጫው 5ሲ ከግራጫው 5ኤስ ይልቅ አዲስ መስሎ ይታያችሁ ነበር፤ ዕድሜው ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረው ግን እሱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ስታማርጡ ቀለሙን ካያችሁ በኋላ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ፕሮሰሰሩ የትኛው ነው? አፕዴትስ እስከ መቼ ያገኛል?