ነፋስ መቀበያ

አዲስ አበባ በሽርሽር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ታሪክ ነው። የዓለም ከተሞች ብዙዎቹ ወይ ለጦር ምሽግ፣ ወይ ለንግድ በር፣ ወይ ለመርከብ ማረፊያ ታስበው የተቆረቆሩ ናቸው። የእኛይቱ ግን ብርድ ያስመረረው ሰው ሙቅ ውሃ ሊታጠብ፣ መስክ ላይ ድንኳን ተክሎ ነፋስ ሊቀበል በወረደበት ቦታ ላይ የበቀለች ናት።

በ1870ዎቹ መጨረሻ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸው እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ወዳጅንም ይፈትናል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ማገዶው በየዓመቱ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ ንጉሡም፣ ባለቤታቸውም፣ መኳንንቱም ወደ ፍል ውሃ ወርደው መታጠብና መሰንበት ያዘወትሩ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ፣ ያኔ ገና የእቴጌነት ዘውድ ያልጫኑት ወይዘሮ ጣይቱ ከድንኳናቸው ደጃፍ ሆነው መስኩን ቢመለከቱት ዐይናቸው ገባ። ቤት መሥሪያ ቦታ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት።

መቼም መስኩ ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ፊንፊኔ ብሎ የሚጠራው፣ ከምንጮቹ ዳር ፈጣሪውን የሚያመሰግንበት አገር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ መውረድ እዚህ ቦታ ላይ ከከተማዋ ይቀድማል ማለት ነው። የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻም ከረጅም ዘመን መቋረጥ በኋላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደገና ሲከበር አይተናል።

ጣይቱ ያዩዋት አበባ አደይ ናት የሚሉ አሉ። ኅዳር ሲጋመስ አደይ አብዛኛዋ ደርቃ ዘሯን ጥላለች ብሎ የሚሞግትም አይጠፋም። ሙግቱን ለዕፅዋት ሊቃውንት እንተውላቸውና እኛ ወደ ጉዳያችን እንግባ። ጉዳያችን ይህ ነው፤ በሽርሽር የተቆረቆረች፣ በአበባ ስም የተጠራች ከተማ ልጆቿን መስከረም ሲጠባ የት ታወጣቸዋለች?

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንመን። አማርኛችን ለሽርሽር ብዙም ፍቅር የለውም። ያለ ጉዳይ የሚሄድን ሰው "ዟሪ" እንለዋለን። "ማውደልደል" እንላለን፤ "መንቀዋለል" እንላለን። ሴት ከሆነች ደግሞ ስድቡ ይከብዳል። እንዲያው ለመንሸራሸር ብቻ ከቤት የወጣ ሰው ከየት መጣህ ሲባል የሚመልሰው ይቸግረዋል። ታዲያ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሽርሽር አያውቁም ነበር ማለት ነው? በፍጹም! አሳምረው ያውቁ ነበር። ምክንያት ሳያበጁለት ግን አይወጡም።

እስቲ ቁጠሩ። ጳጉሜ 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ልጆች ደጅ ወጥተው ይጠመቃሉ። በዓመቱ መባቻ፣ በቅዱስ ዮሐንስ፣ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወርዶ መታጠብ የቆየ ልማድ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ብትሄዱ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ወንዶቹ ለከሴ አጨዳ፣ ልጃገረዶቹ ለእንግጫ ነቀላ ብለው መስክ ይወርዳሉ። ሥራው ሣር መንቀል ነው፤ ዘፈኑ፣ ሳቁ፣ መተያየቱ ግን ከሣሩ ይበልጣል። ሌላ ጊዜ ከእናቷ ዐይን የማትርቅ ልጅ የዚያን ዕለት "እንግጫ ልነቅል" ብላ ስትወጣ ማንም ዟሪ አይላትም። ወንዶቹም ችቦ ሊቆርጡ፣ ደመራ እንጨት ሊያመጡ ብለው ጫካ ይገባሉ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት አርባ ቀናት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ ይባላሉ፤ የአበባ ወር ማለት ነው። የወቅቱም ስም በሊቃውንቱ አቆጣጠር መፀው ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን መስከረምና ጥቅምትን "ጸደይ" ብንላቸውም የባሕረ ሐሳቡ ጸደይ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው ነው።

ከተሜውም ይህንኑ ይዞ መጥቷል። የአዲስ አበባ ልጃገረዶች "አበባ አየሽ ወይ" ብለው በየደጃፉ ሲዞሩ የሚይዙት አደይና እንግጫ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ከሰፈሩ ጀርባ ካለው መስክ በራሳቸው እጅ የተለቀመ ነበር። ለቀማው ራሱ ሽርሽሩ ነው። ወንዶቹ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው ያድላሉ፤ ያቺም አበባ ቢሆን ከቤት ውጭ የታየች አበባ ናት።

ቃል ከተነሣ አንድ የምወደው አባባል አለን፤ "ነፋስ መቀበል"። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነፋስን እንደ እንግዳ ይቀበላል። ግብፆችም የዚህ ወንድም የሆነ ቃል አላቸው። "ሻም ኤል ነሲም" ይሉታል፤ ነፋሱን ማሽተት ማለት ነው። በኮፕቶች ፋሲካ ማግስት በሚውለው ሰኞ፣ ማለትም እኛ ማዕዶት በምንለው ቀን፣ እስላም ክርስቲያኑ ቤተሰቡን ይዞ፣ ጨው የበላ ዓሣና የተቀለመ እንቁላል ቋጥሮ አትክልት ቦታና ዓባይ ዳር ወጥቶ ይውላል። ፋሲካው ከፋሲካችን ጋር አንድ ቀን ነው፤ ወንዙም ከእኛው የሚወርድ ነው። ልዩነቱ እነሱ ነፋሱን ለማሽተት ሌላ ምክንያት አለማስፈለጉ ነው፤ ቀኑ ራሱ የሕዝብ በዓል ሆኖ ተደንግጎለታል።

እኛ በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ነፋስ መቀበልን ስሙ ያደረገ ሰፈር አለን። አየር ጤና! ስሙን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አየሩ ጤና የሆነ ቦታ፣ ወይም ጤና የሚሰጥ አየር። በኦሮምኛ "ኮልፋ" ሳቅ ማለት ነውና ክፍለ ከተማውን ከሰፈሩ ጋር ብታነቡት ሳቅና ንጹሕ አየር ይሆንላችኋል። እንዲህ ያለ አድራሻ የቱሪስት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ቢያስብ እንኳ አያወጣውም።

ከጦር ኃይሎች ወዲያ ያለው አገር ማሳና መስክ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። በስተምዕራብ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወጨጫ ቆሟል፤ በስተደቡብ የፉሪ ተራራ ይታያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የጅማ መንገድ ከከተማ የሚወጣውም በዚሁ በኩል ነው። ወደ ወሊሶ ፍል ውሃ የሚሄድ፣ በሰበታ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ የሚወጣ፣ መኪና ያለውም ቢሆን በአውቶቡስ የሚሳፈረው አየር ጤናን ሳያልፍ አይሄድም። ሰፈሩ ለራሱ ልጆች መስክ ነበር፤ ለከተማው ደግሞ የሽርሽር በር።

ከዚያ ከተማው ራሱ መጣ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ሰው ነበራት። በ1987 2.1 ሚሊዮን ሆነች፤ በ1999 2.7 ሚሊዮን። ይህ ሁሉ ሰው የሚያድርበት ቤት ይፈልጋል፤ ቤት ደግሞ መስክ ይፈልጋል። በዓለም ባንክ ገንዘብ በተሠሩ ቤቶች የተነሣ "አለም ባንክ" የሚባል ሰፈር ተወለደ። የማኅበር ቤቶች ተከተሉ፤ ጀሞ ላይ ኮንዶሚኒየም በቀለ። አየር ጤና የከተማ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ የታክሲ ተራ ሆነ። ዛሬ ስሙን በብዛት የምንሰማው ከወያላ አፍ ነው። ከሚኒባሱ ጭስ መካከል ሆኖ "አየር ጤና! አየር ጤና!" ሲል የሚናገረውን ልብ የሚለው የለም።

ቤት መሠራቱን የሚጠላ ማን አለ? ቤት ያጣ ሰው አደይ አበባ አያጽናናውም። ሐዘኑ ሌላ ነው። መስኩ ሲሄድ ምክንያቱም አብሮ ሄደ። እንግጫ ከሌለ ለእንግጫ ነቀላ መውጣት የለም። አደይ ከመንገድ ዳር በእስር ከተገዛች ለቀማው ቀረ፤ የፕላስቲክ አበባ ሲመጣ ደግሞ መግዛቱም ቀረ። ያ ሁሉ በሥራ ስም የተሸፈነ ሽርሽር አንድ ላይ ጠፋ። የቀረን ስድቡ ነው፤ "ዟሪ"። ወጣቱ ታዲያ የት ይሂድ? ከቤት ወጥቶ ሳይከፍል የሚቀመጥበት ቦታ ሲያጣ ወይ መጠጥ ቤት ይገባል፣ ወይ ጫት ቤት ይገባል፣ ወይ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እኛው ተመልሰን "የዘንድሮ ልጅ!" እንላለን።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብን የመጀመሪያው አይደለም። ከተማዋ በተቆረቆረች በ15 ዓመት ውስጥ እንጨቷን ጨርሳ ነበር። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዞሩ አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰዋል። ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ማገዶ ሰጠን፣ ማገር ሰጠን፤ ውለታው አይካድም። ከሥሩ ግን ሣርና አበባ እንደልቡ አይበቅልም። ማገዶ አገኘንና አበባ አጣን ማለት ነው። ያን ጊዜ የተመለሰው የሆድ ጥያቄ ነበር፤ የዐይኑ ጥያቄ አደረ።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የዐይኑም ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይህን አለመናገር ንፉግነት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ዕቅድ ወጣ፤ ርዝመቱ 56 ኪሎ ሜትር፣ በጀቱ 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፍልበት "ገበታ ለሸገር" የተባለ እራትም ተበላ። በመስከረም 2012 አንድነት ፓርክ፣ በጳጉሜ 2012 ሸገር ፓርክ፣ በመስከረም 2013 እንጦጦ ፓርክ ተከፈቱ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት በየመንገዱ ዳር ሣርና አበባ ተተክሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ የተቋቋመው ባለ 705 ሄክታሩ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም አለ። ሰውም መውጣት ጀምሯል፤ ሙሽራ ፎቶ ይነሣል፣ ልጅ ይቦርቃል። ሽርሽር ያለ ምክንያት፣ በራሱ ስም፣ ክብር እያገኘ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ፓርክና መስክ አንድ አይደሉም። ፓርክ ይኬድበታል፤ መስክ ይወጣበታል። ፓርክ በር አለው፤ አንዱ በር ላይ ቲኬት ይጠየቃል፣ ሌላው ዘንድ ለመድረስ ከአየር ጤና ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ይጠይቃል። አራት ልጆች ያሏት እናት የታክሲውን ደርሶ መልስ ስታሰላ ሽርሽሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ባቡሩም ቢሆን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጦር ኃይሎች ላይ ቆሟል፤ አየር ጤና አልደረሰም። በፓርክ ውስጥ ደግሞ አበባ ይታያል እንጂ አይቀጠፍም። ተገቢ ነው፤ ሁሉም ቢቀጥፍ ያልቃል። ግን በገዛ እጇ አደይ ለቅማ የማታውቅ ልጅ "አበባ አየሽ ወይ" ስትል ጥያቄው ለራሷ ይሆንባታል።

ይባስ ብሎ አገራችን አበባ የላትም እንዳንል ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። ጽጌረዳው ከሚለማባቸው ቦታዎች አንዷ ከአየር ጤና በዚያው በጅማ መንገድ የምትደረሰው ሰበታ ናት። አበባው ተቆርጦ፣ ታሽጎ፣ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይበርራል። የአየር ጤና ልጅ ግን ደጃፏ ላይ የምትለቅማት አበባ የላትም።

ምን ይደረግ? ከታሪክ ሁለት ሰዎች እንጥራ። ከ300 ዓመት በፊት የጃፓኑ ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ በዋና ከተማው ዳርቻ፣ አሱካያማ በሚባል ኮረብታ ላይ የቼሪ ዛፎች አስተከለ። ለተራው ሕዝብ ነበር፤ ሰዉ በአበባው ወራት ምግቡን ይዞ ወጥቶ ከዛፉ ሥር እንዲውል። ዛሬም ይወጣል፤ ዛሬም ይውላል። ሁለተኛው የራሳችን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ወጨጫ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ያ ጫካ መናገሻ ሱባ ነው። ሁለቱም ያወቁት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ካልተከለለለት በኋላ አይገኝም።

እኛ ደግሞ ከእነሱ ቀላል ዕዳ ነው ያለብን። አደይ አትክልተኛ አትጠይቅም፤ ውሃ አጠጡኝ አትልም። የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ ክረምት ታበቅላታለች፣ በመስከረም ትፈነዳለች፣ ዘሯን ጥላ ትሞታለች። የምትለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ እንዳይደፋባትና ዘሯን ሳትጥል እንዳትታጨድ። በየወረዳው አንድ አንድ ቁራሽ መሬት፣ የኳስ ሜዳ ግማሽ የምታክል፣ አጥር የሌላት፣ ቲኬት የሌላት፣ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ማጭድ የማይገባባት መስክ ብናስቀር ምን እናጣለን? እዚያ ላይ ልጆች ይለቅማሉ፣ ሽማግሌ ነፋስ ይቀበላል፣ ወጣቶችም "ደመራ ልንደምር ነው" ብለው ይተያያሉ።

ወይዘሮ ጣይቱ ከድንኳናቸው ደጃፍ አሻግረው ሲያዩ ፊት ለፊታቸው መስክ ነበር። ከተማዋን የወለዳት ያ እይታ ነው። ለአየር ጤና ልጆች ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያዩት መስክ ካላስቀረንላቸው፣ ሁለቱንም ስሞች፣ የሰፈሩንም የከተማውንም፣ ምን ማለት እንደሆኑ ቁጭ ብለን ልናስረዳቸው ነው።