«አውጚ» ስንት ፊደል ነው?

አዲስ ቅዳም ላይ አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አቁመን «አውጚ» የሚለው የቋንቋው ስም ስንት ፊደል ነው ብንለው ሦስት ይለናል። አ፣ ው፣ ጚ፤ አለቀ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን እስከ ሁለተኛው ትውልዱ ድረስ ያንኑ ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ ስንሰጠው ዘጠኝ ነው ይል ነበር። ማን ተሳሳተ? መልሱ የአንድ አዲስ እትም ታሪክ ነው።

ኮምፒዩተር እኮ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያኖርበት ትንሹ ጎጆ ባይት ይባላል፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል። ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ጎጆ ይበቃዋል። የኛ አንዱ ፊደል ግን ዛሬ በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ጎጆ ይወስዳል። የቀድሞው ፓይተን ጎጆውን እየቆጠረ ፊደል ቆጠርኩ ይል ነበር። ለእንግሊዙ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ስሕተቱ አይታየውም፤ ለኛ ነው የሚታየን።

ከዚያ በፊትማ የባሰ ነበር። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራ ሁሉ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ያገኝ ነበር። እነ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ብዙ ከደከሙ በኋላ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ባወጣው 3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶችን መዘገበ። አማርኛ ጸሐፊ «ንግ» እያለ በሁለት ፊደል የሚያስጠጋውን የአውጚን ድምፅ በአንድ ፊደል የሚያስጽፈው የ«ጘ» ቤትም እዚያው ገባ። የአገው ዘመድ ለሆነው ለኤርትራው ብሊን የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከተሉ። ፊደሉ ቁጥር አገኘ ማለት ነው፤ የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን ገና በቅጡ አላወቁትም።

ፓይተንን የጀመረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው። የመጀመሪያውን እትም ከአምስተርዳም ለሕዝብ የለቀቀው የካቲት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። ምንጩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ይቀዳዋል፣ ያሻሽለዋል፤ ለፈቃድ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ኅዳር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. 3.0 ሲወጣ ጽሑፍና ባይት ተለያዩ። «አውጚ» ሦስት ሆነ። ከዚህም በላይ በፕሮግራሙ ውስጥ ለምንሰይመው ነገር የገዛ ፊደላችን ተፈቀደ፤ ዋጋ = 40 ብለን ብንጽፍ ይቀበላል።

ታዲያ በነፃ አልመጣም። አዲሱ እትም ሆን ብሎ ከአሮጌው ጋር ተጣላ። «ፕሪንት» የሚለው ትእዛዝ ቅንፍ ጠየቀ፤ 7 ለ2 ሲካፈል 3 ይል የነበረው 3.5 አለ። በዓለም ዙሪያ የተጻፈው አሮጌ ፕሮግራም ሁሉ መታረም ነበረበት። ስንቱ አጉረመረመ! የሁለተኛው ትውልድ ጡረታ ለ2015 ታስቦ ወደ 2020 እ.ኤ.አ. የተገፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤት ሲያዘም መጠገን ይቻላል፤ የተበላሸው መሠረቱ ከሆነ ግን ከማፍረስ በቀር መላ የለም። አዘጋጆቹ ማፍረሱን መረጡ፤ ትክክልም አደረጉ እንላለን።

ይህ ማለት ግን ሁሉ ነገር ተሟላ ማለት አይደለም። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው። «፩»ን በስም መጨረሻ ብንጨምረው ይቀበላል፣ ወደ ቁጥር ለውጥልን ስንለው ግን እምቢ ይላል፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለውና ዋጋው በቦታው ስለማይለዋወጥ ከአስርዮሹ ቤት አልተመደበም። «ሠንጠረዥ» ብለን የሰየምነውን ቆይተን «ሰንጠረዥ» ብለን ብንጠራው አላውቀውም ይለናል፤ ሠ እና ሰ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለሱ ሁለት ቁጥር ናቸው። ይሄኛውን ጥፋት በፈረንጅ አናላክክም። አጻጻፋችንን አንድ ወጥ ማድረግ የኛ የቤት ሥራ ነው።

በአዊ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአውጚ ይማራሉ። ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ልጅ ከእንግሊዝኛው ቁልፍ ቃል ጋር ይታገል ይሆናል፤ የሚቆጥረውን ነገር ስም ግን በእናቱ ቋንቋ መስጠት ይችላል። ይህ ከተፈቀደ ዓመታት አልፈዋል፤ በአውጚ የተጻፈ የመማሪያ ምሳሌ ማዘጋጀት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተርና ቋንቋ የምናጠና ሰዎች አለን። ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ ከበን ከተቀመጥን አሥር ምሳሌ ማዘጋጀት የአንድ ሴሚስተር ሥራ እንኳ አይሆንም።