ራሷን በራሷ የዘጋች መንደር



ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ ሰው፥ አብዛኛውን ጊዜ የሎንዶንን ድልድይና ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል። ሁለት ቀን የተረፈው ግን ወደ ሰሜን ወጥቶ፥ በደርቢሺር አውራጃ ያለችውን አንዲት ትንሽ መንደር ቢጐበኝ አይቈጭም። ስሟ ሲጻፍ «ኢያም» የሚል ቢመስልም የአገሩ ሰዎች «ኢም» ይሏታልና፥ መንገድ ስትጠይቁ ይህን አትርሱ።

መንደሪቱ በኮረብታ ጥግ ላይ የተሠራች፥ ቤቶቿ የድንጋይ፥ ጸጥ ያለች ናት። የቅዱስ ሎሬንስ ቤተ ክርስቲያን በመካከሏ ቆሞአል፤ በግቢው ውስጥ ከ1,000 ዓመት በላይ ያስቈጠረ የድንጋይ መስቀል ይታያል። ከመንገዱ ዳር ባሉት ቤቶች ደጃፍ የተለጠፉትን ሰሌዳዎች ስታነቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በየቤቱ የሞቱት ሰዎች ስም ተጽፎአልና።

በ1665 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ታላቅ ቸነፈር ሎንዶንን መታ። በዚያው ዓመት በበጋው መጨረሻ ላይ ለኢም ልብስ ሰፊ ከሎንዶን ጨርቅ ተላከለት። እንደሚተረከው፥ ጨርቁ ርሶ ስለ ነበር ጆርጅ ቪካርስ የሚባለው ሠራተኛ ፈትቶ በእሳት አጠገብ ዘረጋው፤ በጨርቁም ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፍ ቁንጫ ነበረበት። ቪካርስ ጥቂት ቀን ታሞ ሞተ፤ በሴፕቴምበር 7 ቀንም ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ይረግፍ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ሞቱ ቀዝቀዝ ቢልም፥ በ1666 ዓ.ም. ሙቀቱ ሲመለስ እንደገና በረታ።

የደብሩ ቄስ ዊልያም ሞምፔሶን በዚያን ጊዜ ገና 30 ዓመት ያልሞላቸው፥ ለአገሩም አዲስ ሰው ነበሩ። ሕዝቡ ይበልጥ የሚሰማው ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን ቶማስ ስታንሊን ነበር። ስታንሊ በ1662 ዓ.ም. የወጣውን የጸሎት ሥርዓት ሕግ አንቀበልም ካሉት ካህናት አንዱ በመሆናቸው ከሹመታቸው ተነሥተው ነበር። እንግዲህ በሃይማኖት ሥርዓት የተለያዩ፥ አንዱ በሌላው ወንበር የተቀመጠ ሁለት ሰዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር እነዚህ ሁለቱ በጁን 1666 ዓ.ም. በአንድ ቃል በሕዝብ ፊት መቆማቸው ነው። ሞምፔሶን ብቻቸውን ቢናገሩ ኖሮ ሕዝቡ እሺ ይል እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።

የተስማሙበትም ነገር ይህ ነው። ማንም ሰው ከመንደሩ ወሰን እንዳይወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ጸሎቱ «ከክሌት ዴልፍ» በሚባለው ሸለቆ ሜዳ ላይ ተራርቆ በመቆም እንዲደረግ፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የገዛ ሬሳውን በየጓሮውና በየማሳው እንዲቀብር። በአቅራቢያው በቻትስዎርዝ የሚኖሩት የዴቨንሺር ኤርል እህል ይልኩ ነበር። የውጭ ሰዎች ምግቡን በወሰኑ ላይ አኑረው ይሄዳሉ፤ መንደርተኛው ደግሞ ዋጋውን ኮምጣጤ በተሞላ የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ያስቀምጣል። ያ ቀዳዳ ያለበት ድንጋይ ዛሬም ወደ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ይገኛል፤ ጣትን አግብቶ መንካት ይቻላል።

ከመንደሩ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ርቆ፥ በድንጋይ አጥር የተከበበ «የራይሊ መቃብር» አለ። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሃንኮክ በኦገስት 1666 ዓ.ም. ባሏንና 6 ልጆቿን በ8 ቀን ውስጥ በገዛ እጇ የቀበረችበት ነው። በዚያው ወር የቄሱ ባለቤት ካትሪን ሞተች። መቅሠፍቱ ባለቀ ጊዜ የሟቾቹ ቍጥር 260 ያህል ደርሶ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ግን በውዳሴ ብቻ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሞምፔሶን ወሰኑ ከመዘጋቱ በፊት ሁለቱን ልጆቻቸውን ወደ ሌላ አገር ልከዋል። አባት ነውና ማን ይፈርድበታል? የሃንኮክ ልጆች ግን የሚላኩበት አልነበራቸውም። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ ከተያዙት ሰዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በሽታው ከሰው ወደ ሰው የተላለፈባቸው መሆናቸውን ገምቶአል። ይህ ከሆነ፥ በአንድ ጣራ ሥር ተዘግተው መቈየታቸው የራሳቸውን ሞት ሳያበዛው አልቀረም። በዙሪያው ያሉት መንደሮች ግን ተርፈዋል፤ የወሰኑ ድንጋይ ከዚህና ከዚያ የነበሩት ሰዎች ዕድል ይህን ያህል የተለያየ ነበር።

ለማደር የሚፈልግ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቤክዌል ከተማ ማረፊያ ያገኛል። ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት፥ በስሟም የሚጠራ ጣፋጭ ምግብ ያላት ከተማ ናት። በባቡር የሚመጣ ደግሞ ከሼፊልድ ተነሥቶ በሃዘርሴጅ ቢያድር ይመቸዋል። ከዚያ ወደ ኢም በኮረብታው ላይ የእግር መንገድ አለ፤ ዝናቡ ድንገተኛ ስለ ሆነ ካፖርት አይረሳ። ጊዜውን ለመምረጥ የሚችል በኦገስት የመጨረሻው እሑድ ይሂድ። በዚያን ዕለት የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው፥ አባቶቻቸው ተራርቀው ወደ ቆሙበት ወደ ከክሌት ዴልፍ ይወርዱና በሜዳው ላይ ጸሎት ያደርሳሉ።